አማች ወይስ ፍርሃት? ወለጋን በእግር የማንበብ ሙከራ

ፈረንጆች አንድ የሚያስቀና የትምህርት ዓይነት አላቸው፤ ሥነ ጽሑፍን በእግር ይማራሉ። ከአሜሪካ የመጣ የኮሌጅ ተማሪ ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ወደሚገኘው የሐይቆች አገር ይሄዳል። ጠዋት የዎርድስወርዝን ግጥም ያነባል፤ ከሰዓት በኋላ ዎርድስወርዝ ይወጣው የነበረውን ተራራ ይወጣል፤ ማታ ያየውንና ያነበበውን አገናኝቶ ይጽፋል፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ማርክ ይያዝለታል። ባለቅኔው ራሱ ግጥሙን የሚያወጣው እየተራመደ ነበር ይባላል። ወዳጁ ደ ኩዊንሲ የሰውየው እግሮች 175 ሺህ ማይል ሳይሄዱ እንዳልቀሩ ገምቷል። በኪሎ ሜትር ሲመነዘር ከ280 ሺህ በላይ ነው። ከስታዲየም ሜክሲኮ ለመሄድ ታክሲ ለምንጠብቀው ለእኛ ነገሩ ተረት ይመስላል።

ይሁንና ቅናታችንን ትንሽ ገታ እናድርገው። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ከየመንደሩ ውሻ ጋር እየታገለ አገር ለአገር የሚዞረው ምን ፍለጋ ነበር? አንዱ ትልቁ ፍለጋው ቅኔ ነበር። የቅኔ ቤቶቻችንን ስም ልብ በሉ፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ። ሁሉም የቦታ ስም ናቸው። ልብ ወለድ የሚወዱ ጓደኞቻችንም በዛብህን ተከትለው ከማንኩሳ እስከ ዲማ ጊዮርጊስ በእግር ስለመሄድ ማውራት ከጀመሩ ስንት ዓመታቸው! (ማውራቱን እንጂ መሄዱን አላልንም።)

እኛ ግን የመረጥነው ወለጋን ነው።

«ወለጋ ደግሞ ምን ተጽፎ ነው?» ያለን ሰው ብዙ ነው። መልሱ ብዙ ቢሆንም ሁለት ነገር ብቻ እንጥቀስ። አንደኛ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ «ልጅነት» በተባለው መድበሉ የአማርኛን ግጥም ከለመደው የቤት አመታት አውጥቶ ያናወጠው ሰሎሞን ደሬሳ የተወለደው ወለጋ ውስጥ ጩታ በምትባል መንደር ነው። ሁለተኛ፣ አሁን ወደምንነግራችሁ መጽሐፍ የሚወስደው መንገድ የሚያልቀው ነቀምቴ ላይ ነው።

እኛ ማለት አራት ነን። ሁለታችን አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን፣ ኦሮምኛችን ከሰላምታ የማይዘልቅ። አንዱ የነቀምቴ ልጅ፣ አንዷ የጊምቢ ልጅ። ስድስት ኪሎ ተገናኝተን የተጣበቅነው በመጽሐፍ በሽታ ነው። በ2006 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ ጥቂት የፎቶ ኮፒ ገጾች ይዘን ወደ ምዕራብ ተነሣን።

መጽሐፉ

የመጽሐፉ ስም «ጀልቀበ በርሲሳ» ይባላል። «የትምህርት መጀመሪያ» እንደማለት ነው። ኦሮምኛን በራሱ ቋንቋ ማንበብ ለሚጀምር ሰው የተዘጋጀ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1894 ታተመ። የታተመበትን ቦታ ስትሰሙ ግን ትደነግጣላችሁ። ነቀምቴ አይደለም፤ ጊምቢም አይደለም። ምጽዋ አጠገብ፣ የቀይ ባሕር ሙቀት በሚጠብሳት እምኩሉ በተባለች የስዊድን ሚሲዮን ጣቢያ ነው።

ያዘጋጁት ሁለት ሰዎች ናቸው። ኦነሲሞስ ነሲብ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ ስዊድን ሄዶ ተማረ። አስቴር ጋኖ ከሊሙ አካባቢ የመጣች ናት። እሷም ባሪያ ተደርጋ ወደ ዐረብ አገር በመርከብ ስትጫን እ.ኤ.አ. በ1886 ጣሊያኖች መርከቡን ያዙና ነጻ ወጣች፤ እምኩሉ ካለው ትምህርት ቤትም ገባች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ኦነሲሞስ ከአገሩ የወጣው ገና ሕፃን ሳለ ስለነበር፣ የሚጽፍበት ቋንቋ ራሱ ከእጁ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም ነበር። ያዳነችው አስቴር ናት። ቋንቋው በጆሮዋ ሙሉውን ነበር። በልጅነቷ የሰማችውን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን ከትዝታዋ እያወጣች 500 ያህል ጻፈች። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ናቸው በመጽሐፉ የገቡት። እስኪ አስቡት፤ ዛፍ በሌለበት ጠረፍ፣ ጨው በሚሸት ነፋስ ውስጥ፣ አንዲት ወጣት ቁጭ ብላ ስለ ዝናብና ስለ ላም የሚዘፈነውን ስታስታውስ።

እንግዲህ የእግር ጉዞው ችግር ይህ ነው። ዎርድስወርዝን ፍለጋ ተራራውን ትወጣላችሁ። አስቴርን ፍለጋ የት ትወጣላችሁ? መጽሐፉን የወለደው መልክዓ ምድር ከደራሲዋ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው።

በነገራችን ላይ ይህ ነገር የእሷ ብቻ ዕጣ አይደለም። አየርላንዳዊው ጄምስ ጆይስ «ዩሊሲስ» የተባለውን ልብ ወለዱን የጻፈው ትሪየስተ፣ ዙሪክና ፓሪስ ተቀምጦ ነው። መጽሐፉ ግን የደብሊን መንገዶችን አንድ በአንድ የሚቆጥር ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 1904 ስለሆነ፣ ዛሬም አንባቢዎች በዚያ ዕለት ደብሊን ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ የረገጡትን መንገድ ይረግጣሉ። የሚገርመው፣ ኦነሲሞስና አስቴር መጻሕፍታቸውን ይዘው ነቀምቴ የደረሱትም በዚያው በ1904 ነው። ሁለቱም የነቀምቴ ልጆች አልነበሩም። መጽሐፋቸው ግን አገር ያገኘው እዚያ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የተወለደበትን ሳይሆን የደረሰበትን አገር ለመራመድ ተስማማን።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን በአውቶቡስ ነው የሄድነው፤ ዎርድስወርዝ ይቅር ይበለን። አምቦን ስናልፍ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደባትን ቦዳን አሰብን። ጉደርን፣ ጌዶን፣ ባኮን እያለፍን ስንሄድ አገሩ እየለመለመ፣ ሙዚቃው እየተቀየረ፣ ከአራታችን ሁለቱ እየደመቁ፣ ሁለቱ ዝም እያሉ መጡ። ቋንቋ ሲቀየር የሚያወራው ሰውም ይቀየራል። አዲስ አበባ ላይ ሲያስተረጉሙን የከረሙት ልጆች አሁን በተራቸው አስተርጓሚዎቻችን ሆኑ።

ነቀምቴ ላይ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ነው። ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት የወለጋው ገዥ እነ ኦነሲሞስን የተቀበሉት በዚህች ከተማ ነበር። አቀባበሉ ግን ብዙ አልቆየም። በኦሮምኛ መስበካቸው ክስ አስነሣ። እ.ኤ.አ. በ1906 ጉዳዩ አዲስ አበባ ድረስ መጣ፤ ኦነሲሞስ ነቀምቴ መኖር ተፈቀደለት፣ መስበክ ግን ተከለከለ። እገዳው የተነሣለት ልጅ እያሱ በ1916 በሰጡት ፈቃድ ነው። እስከዚያ ድረስ እንግዲህ መጽሐፉ በዝግታ፣ ከቤት ወደ ቤት፣ ከአፍ ወደ ጆሮ ነበር የሚሄደው። ኦነሲሞስ በ1931 እዚያው ነቀምቴ ዐረፈ። አስቴር እስከ 1964 ኖረች።

ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ ስትወጡ መንገዱ ከደጋው ይወርድና ዴዴሳ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ ይለወጣል፤ ሹራብ የለበሰ ያወልቃል። ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ጊምቢ ስትወጡ ደግሞ ቡና በቡና ነው። ዓለም የወለጋን ቡና ዛሬም «ለቀምፕቲ» እያለ ነው የሚጠጣው። ለቀምት የነቀምቴ የድሮ አጠራር መሆኑን ስንቱ ቡና ጠጪ ያውቅ ይሆን?

ከጊምቢ ወዲያ ነው በእግር የሄድነው። ሐሳባችን ቦጂ መድረስ ነበር። ቦጂ ከነቀምቴም በፊት መጽሐፍ የደረሰባት ቦታ ናት። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል የሚባሉ ኤርትራዊ ቄስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኦነሲሞስን ትርጉም ይዘው ከቀይ ባሕር ጠረፍ እዚህ ድረስ መጡ፤ ሰበኩ፣ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1905 ቤት በእሳት ሲያያዝ ሰው ለማትረፍ ገብተው ሞቱ። ትግርኛ አፉን የፈታ ሰው ኦሮምኛ ተምሮ በኦሮምኛ መሀል ሞተ። ይህን እየተነጋገርን ዳገቱን ወጣን።

ሶዳ

መንገድ ላይ ዕረፍት ባደረግን ቁጥር ፎቶ ኮፒዎቹን እናወጣለን። አንድ ነገር የገባን ያኔ ነው።

መጽሐፉ የተጻፈው በእኛው ፊደል ነው። ሀ ሁ ሂ ብሎ። ስለዚህ ሁለታችን የአዲስ አበባ ልጆች ገጹን ከላይ እስከ ታች ማንበብ እንችላለን፤ አንዲት ቃል ግን አይገባንም። የነቀምቴውና የጊምቢዋ ልጆች ደግሞ ትምህርት የጀመሩት ኦሮምኛ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ መጻፍ ከጀመረ በኋላ ነው። አማርኛን በትምህርት ዓይነትነት ስለተማሩ ፊደሉን ያውቁታል። ኦሮምኛን በፊደል ማንበብ ግን ያደናቅፋቸዋል፤ የእናታቸውን ድምፅ በሰው ልብስ እንደማየት ነው አሉ። ያም ሆኖ ሌላው ሲያነብላቸው ሁሉም ይገባቸዋል።

ስለዚህ ገጹን ብቻውን የሚወጣው ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ የሚያነብ፣ አንዱ የሚሰማ።

ሥራ ጀመርን። የአዲስ አበባው ያነባል። ከደ በላይ ጭረት ያላት ዸ ስትመጣ ይጨነቃል፤ ድምፁ አማርኛ ውስጥ የለምና። የጊምቢዋ ልጅ «ምላስህን ወደ ላንቃህ እጠፋት እንጂ!» እያለች ትስቃለች። የነቀምቴው ልጅ ደግሞ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና አንድ ቃል ጻፈ፤ «ሶዳ»። «ይህ ምን ማለት ነው?» አለን። «አምቦ ውኃ» አልነው፤ ሳቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኦሮምኛ ዳ ላልታ ከተነበበች ሶዳ ማለት ፍርሃት ነው። ዳ ጠብቃ ከተነበበች ደግሞ ሶዳ ማለት አማች ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፉ አንድ ናቸው። ወረቀቱ የትኛው እንደሆነ አይነግራችሁም። (ቁቤ ግን ፊደሉን ደግሞ በመጻፍ ይለያቸዋል፤ የመረጡት ሰዎች ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ፊደል ወይስ ቁቤ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው፤ ማኪያቶ ይዘን።) አማርኛም ቢሆን ይህ ጣጣ አለበት። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። እኛ ሳንቸገር የምናነበው ቋንቋውን ስለምናውቅ ብቻ ነው።

አማችና ፍርሃት። አንድ ቃል፣ ሁለት ዕጣ። ልዩነቱ ያለው ከሚያነበው ሰው አፍ ነው።

በማግስቱ አንዲት እናት ቡና ጠሩን። ዕድሜያቸው ከሰባ የሚያልፍ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ፣ ፀጉራቸው የነጣ። የጊምቢዋ ልጅ «ሃዸ ኮ» (እናቴ) ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እኛም «እማማ» ብለን ተከተልን። ልጃቸው ቡናውን እየቆላች ሳለ፣ ከገጾቹ አንዱን እናንብብልዎ አልናቸው። የአዲስ አበባው ልጅ ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ በአነጋገሩ ሳቁ፤ ቀጥሎ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፤ ከዚያ እሱ ገና ግማሽ ላይ ሳለ የቀረውን እሳቸው ጨረሱት። ቃሉ በጥቂቱ ይለያል፤ መልሱ ግን ያው ነው። ወረቀቱ እምኩሉ ላይ ከታተመ 120 ዓመት ሊሞላው ነው። እሳቸው ወረቀቱን አይተውት አያውቁም።

«ይህን ማን ነገራችሁ?» አሉ።

«አስቴር የምትባል ሴት» አልናቸው።

«የማን ልጅ ናት?»

ዝም አልን። በአገራችን ከስም ቀጥሎ የሚጠየቅ ተራ ጥያቄ ነው። ባሪያ ተደርጋ ለተሸጠች ልጅ ግን ከሁሉ የከበደው ጥያቄ እሱ ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ የጊምቢዋ ልጅ መለሰች፤ «የሊሙ ልጅ ናት፤ ባሕር አይታ የተመለሰች።» እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በወረቀቱ ላይ ያልነበረ ሌላ ተረት ጀመሩልን። ሁለታችን ሳይገባን ሰማን፤ ሁለቱ እየሳቁ ቆይተው ተረጎሙልን። ቡናው ሦስተኛ ደረሰ።

የሐይቆቹ አገር ተማሪ ተራራውን ሲያይ ግጥሙ ይገባዋል ይባላል። ወለጋ ላይ ለእኛ የገባን ሌላ ነው። የዚህ መጽሐፍ መልክዓ ምድር ሰው ነው። ጋራውን ከአውቶቡስ መስኮት ማየት ይቻላል፤ የሚላላውንና የሚጠብቀውን ለመለየት ግን ከሰው ቤት መግባት፣ መቀመጥ፣ መስማት ያስፈልጋል። እግር የሚያስፈልገው እዚያ ለመድረስ ነው።

ከዚያ ወዲህ

መንገዱን ከዚያ ወዲህ አልደገምነውም። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ወለጋ በመንግሥት ኃይሎችና በኦሮሞ ነጻነት ጦር (መንግሥት «ሸኔ» በሚለው) መካከል የውጊያ ሜዳ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከጃንዋሪ እስከ ማርች ድረስ ምዕራብ ኦሮሚያ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። የጊምቢዋ ልጅ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበረች። በየማታው ወደ እናቷ ትደውላለች፤ የሚመልስላት «ሊያገኟቸው አይችሉም» የሚለው ድምፅ ነው፤ እሱም በአማርኛ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተጨፈጨፉ፤ አብዛኞቹ እዚያ ለዓመታት የኖሩ አማሮች ነበሩ። የኦሮሞ ቤተሰቦችም በነዚህ ዓመታት ልጆቻቸውን ቀብረዋል፣ ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። በ2023 ታንዛኒያ ላይ ሁለት ጊዜ የተደረገው ድርድር ያለ ስምምነት ተበተነ። በዛብህን ሊከተሉ ያሰቡት ጓደኞቻችንም ተራቸው ደርሶ ጎጃም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት ገባበት።

ያኔ የተጓዝነው አራታችን ዛሬም እንነጋገራለን። ግን አንዋሻችሁ፤ በነዚህ ዓመታት ዝም የተባባልንባቸው ሳምንታት ነበሩ። የቶሌ ዜና የመጣ ቀን የነቀምቴው ልጅ ደወለ፤ ከሰላምታ በኋላ ሁለታችንም ወገን ቃል አጣን። በመጨረሻ «አለን?» አለ። «አለን» አልን። ይኸው ነው። ይህን ቃል በጽሑፍ መልእክት ቢልከው ኖሮ ምን ብለን እናነበው እንደነበር እንጃ። ድምፁን ስለሰማን ግን ገባን።

የምንፈራው ይህንን ነው። ዛሬ ወጣቱ ስለ ወለጋ የሚያውቀው ከስክሪን ላይ ነው። አማርኛ ተናጋሪው የኦሮምኛውን ጽሑፍ አይረዳም፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው በአማርኛ የተጻፈበትን እያነበበ ይቆስላል። ሁሉም ያነባል፣ የሚሰማ የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለት ዓይነት የሚነበብ ቃል ሲመጣ ሁላችንም ፈጥነን የምንመርጠው ፍርሃትን ነው። አማቹ ይረሳል። ወለጋ ውስጥ ግን ስንት ቤት ነው በእውነት አማች የሆነው! አማራና ኦሮሞ ተጋብቶ፣ ልጁ በሁለቱም ቋንቋ የሚያለቅስበት ቤት ስንት ነው!

ስለዚህ መንገዱ ሰላም እስኪሆን ድረስ አንድ ሥራ እንስጣችሁ። ነቀምቴ መሄድ አያስፈልገውም። አዲስ አበባ ውስጥ ፊደሉን ከሚያውቀውና ቋንቋውን ከሚያውቀው አንድ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ምናልባትም አንድ ቢሮ ነው የሚሠሩት፣ አንድ ግቢ ነው የተከራዩት። ከእነ አስቴር መጽሐፍ ወይም ኦሮምኛ በፊደል ከተጻፈበት ከማንኛውም የድሮ መጽሐፍ አንድ ገጽ ፈልጉ። ቡና ይፈላ። አንዳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ አንዳችሁ ስሙ። ዸ ላይ ስትደርሱ ተሳሳቁ። የሚላላውንና የሚጠብቀውን ቃል በቃል ተነጋገሩበት፤ ስትጨርሱ ተራ ተቀያየሩና ሰሚው አንባቢ ይሁን።